የስልክ ስክሪንና ባትሪ፦ ቻርጅ ለማቆየት ከየት እንጀምር?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ስልክ ከእጇ አምልጦ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። አይፎን ኤክስ ነው። ጥገና ቤት ወስዳ አስቀየረችው። ሲመለስ ያበራል፣ ሲነኩት ይሠራል፣ ምንም የጎደለው አይመስልም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ማማረር ጀመረች። «ጠዋት መቶ አድርጌ እወጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቻርጅ ያልቅብኛል።» ባትሪ ልታስቀይር ስትነሳ «ቆይ እስቲ» አልኳት። ማታ መብራት አጥፍተን ጥቁር ፎቶ ከፈትንበት። ስክሪኑ አልጨለመም። ከዳር እስከ ዳር እንደ ጉም ያለ ግራጫ ብርሃን ይታያል። ስልኩ ከፋብሪካ የወጣው ግን በሌላ ዓይነት ስክሪን ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ቻርጅ አይቆይልኝም» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ባትሪው አይደለም። «ስክሪኑ ምን ዓይነት ነው?» እላለሁ። ብዙ ሰው አያውቅም። ማወቁ ግን ይጠቅማል። ሰው ለሰው የሚነግረው የባትሪ ምክር ለአንዱ ስክሪን በደንብ ይሠራል፣ ለሌላው ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከሴቲንግ ሳይሆን ከስክሪኑ ነው።

በቅድሚያ ትንሽ ሂሳብ

አሁን ገበያ ላይ ያሉት ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ አላቸው። ይህ በ3.85 ቮልት ሲባዛ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ባትሪው ሲሞላ የሚይዘው ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ 1 ዋት የሚበላ ነገር አንድ ሰዓት ቢሠራ ከባትሪው 5 በመቶ ገደማ ይወስዳል። የእህቴ አይፎን ኤክስ ግን ያለው 10.35 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። በእሱ ላይ ያው 1 ዋት በሰዓት ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። ትንሽ ባትሪ ያለው ስልክ ላይ የስክሪን ብክነት ቶሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ስክሪን ስንት ዋት ይበላል? ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። እንደ ስፋቱ፣ እንደ ብርሃኑ መጠን፣ እንደ ዓይነቱና እንደሚያሳየው ምስል ይለያያል። ቤት ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ጽሑፍ ስታነቡበት ከግማሽ ዋት በታች ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ ቆማችሁ ብራይትነሱን እስከ ጥግ ስትወስዱት ከ2 ዋት ሊያልፍ ይችላል። ልዩነቱ ከአራት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከስልኩ ክፍሎች መካከል በጣታችሁ ብቻ ይህን ያህል ልትቀንሱት የምትችሉት ሌላ ነገር ብዙም የለም።

እርምጃ 1፦ ስክሪናችሁን እወቁ

ሁለት ትልልቅ ቤተሰቦች አሉ፦ ኤልሲዲ እና ኦሌድ። አሞሌድ የሚባለው ከኦሌድ ወገን ነው።

ኤልሲዲ ራሱ ብርሃን አያመነጭም። ከኋላው መብራት አለው። ስክሪኑ እስከበራ ድረስ መብራቱ አይጠፋም። ከፊት ያለው ፈሳሽ ክሪስታል እንደ መጋረጃ እየተከፈተና እየተዘጋ ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ጥቁር ማሳየት ሲፈልግ መጋረጃውን ይዘጋል እንጂ መብራቱን አያጠፋም። ክፍሉን ለማጨለም አምፑሉን ትቶ መስኮቱን እንደ መጋረድ ነው፤ ቆጣሪው ይቆጥራል። ብርሃኑ ደግሞ በማጣሪያዎችና በቀለም ሽፋኖች በኩል ሲያልፍ ይመጠጣል። ከኋላ ከተመነጨው ብርሃን ዓይናችን ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ኦሌድ ላይ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ አምፑል ናት። ነጥቧ ጥቁር መሆን ካለባት ትጠፋለች፣ ምንም አትበላም። ነጭ መሆን ካለባት ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም አብረው ይበራሉ፣ ብዙ ትበላለች። ስለዚህ የኦሌድ ፍጆታ የሚወሰነው በምታዩት ምስል ጭምር ነው። ሰማዩ ፍንትው ያለ የበረዶ ተራራ ፎቶና የሌሊት ፎቶ እኩል ባትሪ አይበሉም።

ይህ ቴክኖሎጂ ትላንት የመጣ አይደለም። ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የሚባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች ለሥራ የሚሆን ኦሌድ ሠርተው ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሳምሰንግ የመጀመሪያውን ጋላክሲ ኤስ በሱፐር አሞሌድ ያወጣው በ2010 ነበር። አፕል ደግሞ እስከ 2017 ቆየ፤ የመጀመሪያው ኦሌድ አይፎን ያው አይፎን ኤክስ ነው። (ከዚህ በታችም ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የእናንተ ስልክ የቱ ነው? ብዙ ሰው እጅ ካሉት ጥቂቱን ልጥቀስ። አይፎን ኤክስአር፣ አይፎን 11 እና የ2020ና የ2022 አይፎን ኤስኢዎች ኤልሲዲ ናቸው። አይፎን ኤክስ፣ ኤክስኤስ፣ 11 ፕሮ፣ እንዲሁም አይፎን 12ና ከዚያ በኋላ የመጡት ዋና ዋና ሞዴሎች ኦሌድ ናቸው። ከሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ05፣ ኤ06 እና ኤ14 ኤልሲዲ ሲሆኑ ኤ15፣ ኤ16፣ ኤ34 እና ኤ54 አሞሌድ ናቸው። ኤ14ን ከኤ15 የሚለየው ትልቁ ነገር በእኔ ግምት ይህ ነው። በቴክኖ ስፓርክና በኢንፊኒክስ ሆት መስመሮች አብዛኞቹ ኤልሲዲ ናቸው፣ ግን ሁሉም አይደሉም። ስለዚህ በስም ብቻ አትተማመኑ።

መፈተኛው ቀላል ነው፦

1. ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ አዘጋጁ። ካሜራውን በእጃችሁ ጭምቅ አድርጋችሁ ሸፍናችሁ ብታነሱም ይሆናል፣ ግን ከኢንተርኔት የወረደ ንጹህ ጥቁር ምስል ይሻላል።
2. ማታ መብራት አጥፉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።
3. ፎቶውን ሙሉ ስክሪን አድርጋችሁ ክፈቱ። ብራይትነሱን እስከ ጥግ ውሰዱት።
4. ስልኩ ከጨለማው ጋር ከተመሳሰለና ጠርዙ የት እንደሆነ ካልታወቃችሁ ኦሌድ ነው። ግራጫ ወይም ሰማያዊ የመሰለ ብርሃን ከወጣው ኤልሲዲ ነው።

ስክሪኑ ተቀይሮ የሚያውቅ ስልክ ካላችሁ ይህን ፈተና ሳታደርጉ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

እርምጃ 2፦ ብራይትነስ

ሌላውን ሁሉ ትታችሁ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ ይህን አድርጉ። ለኤልሲዲም ለኦሌድም እኩል ይሠራል፣ ወዲያውም ይሰማል።

የስክሪን ብርሃን የሚለካው በኒት ነው። ቤት ውስጥ ምቾት ለሚሰጥ ንባብ ከ100 እስከ 200 ኒት በቂ ነው። ከሰዓት ፀሐይ ላይ ግን 1000 ኒትም ሊያንስ ይችላል። አምራቾች በማስታወቂያ የሚወዳደሩት በዚህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ አይፎን 14 ፕሮ ከቤት ውጭ 2000 ኒት ድረስ ይወጣል። ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ስትፈልጉት መኖሩ። ግን ሁልጊዜ አትፈልጉትም።

አንድ ልብ የማይባል ነገር አለ። ዓይናችን ብርሃንን የሚለካው እንደ ሜትር አይደለም። ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ለእኛ በግማሽ የቀነሰ አይመስለንም፣ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ብቻ ይመስለናል። አንድሮይድ ይህን አይቶ ከ9ኛው ስሪት (2018) ጀምሮ የብራይትነስ መስመሩን ከዓይን ጋር እንዲሄድ አድርጎ ቀየረው። ስለዚህ መስመሩ መሃል ላይ ሲሆን የሚወጣው ብርሃን ከሙሉው ግማሽ አይደለም፣ ከግማሽ በጣም ያነሰ ነው። መስመሩን ከጥግ ወደ ሦስት አራተኛ ብትመልሱት ዓይናችሁ ብዙም ሳይጎዳ ባትሪው ብዙ ይተርፋል። ከላይኛው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ርቀት ናት ውዷ።

አሁን ሥራው፦

በአንድሮይድ ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይ» ግቡና «አዳፕቲቭ ብራይትነስ» የሚለውን አብሩ። በአይፎን ይህ አዝራር በሚጠበቅበት ቦታ አይገኝም። «አክሰሲቢሊቲ»፣ ቀጥሎ «ዲስፕሌይ ኤንድ ቴክስት ሳይዝ» ውስጥ ገብታችሁ እስከ ታች ውረዱ፤ «አውቶ ብራይትነስ» እዚያ ነው ያለው። ብዙ ሰው የጠፋ የሚመስለው ለዚህ ነው።

«አውቶ አድርጌው ነበር፣ በጣም ያጨልማል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ግን በብዙ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮች ይማራል። ያጨለመ ሲመስላችሁ አጥፍታችሁት አትሂዱ፤ እንደበራ መስመሩን በእጃችሁ አስተካክሉት። በዚያ ብርሃን ይህን ያህል እንደምትፈልጉ ይመዘግበዋል። አንድ ሳምንት ታገሡት።

አውቶ ብራይትነስ ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ስልኮች ከፍተኛውን የፀሐይ ብርሃን የሚሰጧችሁ አውቶው ሲበራ ብቻ ነው። በእጅ ስትወስዱት የሚቆምበት ጥግ ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አውቶውን ያጠፋ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ፀሐይ ላይ አያይም፣ ቤት ሲገባ ደግሞ መመለሱን ይረሳል። ሳምሰንግ ኤ ሲሪስ ላይ «ኤክስትራ ብራይትነስ» የሚል አዝራር ካገኛችሁ ግን ሁልጊዜ በርቶ አይቆይ።

ማታ አልጋ ላይ ለምታነቡ፣ አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ «ኤክስትራ ዲም» አለው። መስመሩ ከሚፈቅደው በታች ያወርዳል።

ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ የተለየ ምክር አለኝ። ፊደላችን የሚለየው በትንንሽ ጭረት ነው። «በ»ን ከ«ቡ»፣ «ለ»ን ከ«ሉ» የምትለየው አንዲት ጎን ላይ የተቀጠለች መስመር ናት። ፊደሉ ሲደቅብን ሳናስተውል የምናደርገው ብራይትነሱን መጨመር ነው። ችግሩ ግን የብርሃን አይደለም፣ የመጠን ነው። የጽሑፉን መጠን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ አሳድጉትና ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት። እናቴ ስልክ ላይ ይህን ካደረግኩ በኋላ ብራይትነሱን እስከ ጥግ መግፋቷን ተወች። ባትሪውም ዓይኗም አርፈዋል።

እርምጃ 3፦ ዳርክ ሞድ፣ ግን ለማን?

ዳርክ ሞድ (ገጹን ጥቁር፣ ፊደሉን ነጭ የሚያደርገው ምርጫ) ባትሪ ይቆጥባል እየተባለ የሚነገረው ብዙው የተጋነነ ነው፣ ከነጭራሹ ሐሰት ግን አይደለም።

ኤልሲዲ ከሆነ ዳርክ ሞድ ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁ አታብሩ። የኋላው መብራት ያው ነው። አንዳንድ ስልኮች ጥቁር ገጽ ሲያዩ መብራቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ግን ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ለዓይን ከተመቻችሁ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ኦሌድ ከሆነ ጥያቄው በምን ያህል ብርሃን ነው የምትጠቀሙት የሚለው ነው። ጎግል በ2018 ለአፕሊኬሽን ሠሪዎች ባደረገው ጉባኤ ላይ የራሱን ልኬት አሳይቶ ነበር። ዩትዩብን በጥቁር ገጽ ሲጠቀሙት፣ ብራይትነሱ ሙሉ ሲሆን የስክሪኑ ፍጆታ ወደ 60 በመቶ ቀነሰ። ብራይትነሱ ግማሽ ላይ ሲሆን ግን የቀነሰው ወደ 15 በመቶ ነው። በ2021 ደግሞ በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ታዋቂ አፕሊኬሽኖችን ለክተው ወደ ተመሳሳይ ድምዳሜ ደረሱ። ብራይትነሱ ሙሉ ከሆነ ከነጭ ወደ ጥቁር ገጽ መቀየር በአማካይ ከ39 እስከ 47 በመቶ ኃይል ያተርፋል። ሰው በብዛት በሚጠቀምበት ከ30 እስከ 50 በመቶ ብራይትነስ ላይ ግን ትርፉ ከ3 እስከ 9 በመቶ ነው።

ቁጥሮቹን አብራችሁ አንብቧቸው። ዳርክ ሞድ ትልቅ ጥቅም የሚሰጠው ስክሪኑ ብዙ በሚበላበት ሰዓት ነው፣ ማለትም ውጭ ፀሐይ ላይ። ቤት ውስጥ ብርሃኑን ዝቅ ያደረገ ሰው ትርፉን አስቀድሞ ወስዶታል፤ ዳርክ ሞድ የሚጨምርለት ጥቂት ነው። ከዚህ በመነሳት የኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ኦሌድ ስልኬ ላይ ቀን ስወጣ ዳርክ ሞድ አበራለሁ። ቤት ስገባ ዓይኔ እንደወደደው አደርጋለሁ።

አንድ ወጥመድ አለ። ጥቁር ገጽ ላይ ፊደሉ ሲደበዝዝባችሁ ብራይትነሱን ከፍ ካደረጋችሁ ያተረፋችሁትን በሌላ በኩል መለሳችሁት። ዳርክ ሞድ ስታበሩ መስመሩን ካለበት አታንቀሳቅሱት።

ስልኩን ዳርክ ማድረግ ብቻ ሁሉንም አፕ አያጨልምም። ቴሌግራም ውስጥ የራሱ የማታ ገጽታ አለው። እዚያም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሳይሆን ንጹህ ጥቁር የሆነውን ምረጡ። ሰማያዊ ነጥብ በኦሌድ ላይ ከቀይና ከአረንጓዴ የበለጠ ኃይል ትፈልጋለች። ምክንያቱ ኬሚካላዊ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ከተሰጣቸው ኃይል አብዛኛውን ወደ ብርሃን መቀየር በሚችል ቁስ ነው የሚሠሩት፤ ሰማያዊው ግን እስካሁን በአሮጌው ዓይነት ነው የቆየው። የስክሪን ፋብሪካዎች ለዓመታት ሲሯሯጡ የቆዩት ይህን አንድ ቀለም ለማስተካከል ነው። ቶሎ የሚያረጀውም እሱው ነው። ዎልፔፐራችሁን ጥቁር ማድረግም በዚህ በኩል ይረዳል፣ ግን ዎልፔፐር የምታዩት ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ።

እርምጃ 4፦ 60፣ 90፣ 120

ስክሪን ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚለካው በኸርዝ ነው። 120 ሲሆን ፌስቡክና ቲክቶክ ወደ ላይ ስትገፉ ቅቤ ላይ እንደመንሸራተት ነው። ግን ማደስ ሥራ ነው፤ ስክሪኑም፣ ምስሉን የሚሠራው ቺፕም ይደክማል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ያልተወራለት ቴክኖሎጂ ያለው። ከእያንዳንዷ ነጥብ ጀርባ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ። በአብዛኞቹ አሞሌድ ስልኮች ላይ ያሉት ፈጣንና ጠንካራ ናቸው፣ ግን ያፈስሳሉ። የሚያንጠባጥብ ጀሪካን አስቡ። ውሃው ሳያልቅ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለባችሁ። ስክሪኑም የምታዩት ፎቶ ባይንቀሳቀስ እንኳ ቶሎ ቶሎ ይሞላል። ኤልቲፒኦ በሚባለው አዲሱ አሠራር ግን ከማብሪያዎቹ የተወሰኑት የማያፈስስ ቁስ ባላቸው ተተኩ። ጀሪካኑ ተደፈነ። ስለዚህ ምስሉ ካልተንቀሳቀሰ በሰከንድ አንዴ ብቻ ማደስ ይበቃዋል።

አፕል ይህን መጀመሪያ ያስገባው በእጅ ሰዓቱ ላይ ነው። በ2019 የወጣው አፕል ዎች ሲሪስ 5 ስክሪኑን ሳያጠፋ መዋል የቻለው ወደ 1 ኸርዝ መውረድ ስለቻለ ነው። ወደ ስልክ ሳምሰንግ በ2020 በጋላክሲ ኖት 20 አልትራ አመጣው። አይፎን 13 ፕሮ በ2021 ከ10 እስከ 120፣ አይፎን 14 ፕሮ በ2022 ከ1 እስከ 120 ኸርዝ ሆኑ።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ኤልቲፒኦ ያለው ውድ ስልክ ከሆነ 120ውን አትንኩት፣ ራሱ ይወርዳል። እንደ ጋላክሲ ኤ34 እና ኤ54 ያሉት ግን 120 ኸርዝ አላቸው እንጂ ኤልቲፒኦ የላቸውም። በእነሱ ላይ ወደ 60 መመለስ ትርጉም አለው። ሳምሰንግ ላይ «ዲስፕሌይ»፣ ቀጥሎ «ሞሽን ስሙዝነስ» ገብታችሁ «ስታንዳርድ» የሚለውን ምረጡ። አይፎን ፕሮ ላይ ካስፈለጋችሁ «አክሰሲቢሊቲ»፣ ቀጥሎ «ሞሽን»፣ ቀጥሎ «ሊሚት ፍሬም ሬት» ነው።

እኔ ልስላሴውን ስለምወደው በአዘቦት ቀን አልነካውም። መብራት ከጠፋና መቼ እንደሚመጣ ካልታወቀ ግን ወዲያውኑ ባትሪ ቆጣቢውን አበራለሁ። ሳምሰንግ ላይ ኸርዙን ወደ 60 ያወርዳል፣ ብራይትነሱንም በ10 በመቶ ይቀንሳል። አይፎን ላይም በተመሳሳይ ወደ 60 አውርዶ ስክሪኑን በ30 ሰከንድ ያጠፋዋል። በአንድ ንክኪ ብዙ ሥራ ነው።

እርምጃ 5፦ ካላያችሁት ይጥፋ

የስክሪን ማጥፊያውን ሰዓት 30 ሰከንድ አድርጉት። ብዙ ስልክ ላይ 2 ደቂቃ ወይም 5 ደቂቃ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ወሬ በጀመራችሁ ቁጥር ማንም ለማያየው ነገር መብራት እየከፈላችሁ ነው።

ሰዓት እያሳየ የሚውለውን ስክሪን በተመለከተ፣ ኦሌድ ላይ ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለሚያበራ ፍጆታው ትንሽ ነው። ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ሳምሰንግ ላይ ስትነኩት ብቻ የሚታየውን ምርጫ ውሰዱ። ስልኩን ስታነሱት የሚበራውንም አጥፉት፤ በእግር ስትሄዱ ኪስ ውስጥ ባይሆንም እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ይበራል።

ዩትዩብ ላይ መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ዜና ከፍታችሁ ስልኩን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ የምትሰሙ ብዙ ናችሁ። ምግብ እየሠራችሁ፣ ልብስ እያጠባችሁ። ምስሉን ማንም አያየውም፣ ስክሪኑ ግን ለሁለት ሰዓት ይበራል። ያንኑ ነገር በድምፅ ብቻ ከቴሌግራም ማግኘት ከቻላችሁ አውርዱትና ስክሪኑን ዘግታችሁ ስሙት። ስልካችሁ ኤፍኤም ሬዲዮ ካለውም እሱን ተጠቀሙ። ካልተቻለ ቢያንስ ብራይትነሱን እስከ ታችኛው ጥግ አውርዱት።

እርምጃ 6፦ በራሳችሁ ስልክ ለኩ

የሰው ቁጥር የሰው ነው። የእናንተን ስልክ እንዲህ ለኩት፦

ቻርጁ 80 በመቶ ገደማ ሲሆን ጀምሩ። አውሮፕላን ሞድ አድርጉት። አውቶ ብራይትነሱን ለጊዜው አጥፉ። ስልኩ ላይ የወረደ አንድ ረጅም ቪዲዮ ክፈቱና ብራይትነሱን ሙሉ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት አጫውቱ። ስንት በመቶ እንደቀነሰ ጻፉ። በማግሥቱ ያንኑ ቪዲዮ፣ ከዚያው 80 በመቶ ጀምራችሁ፣ መስመሩን መሃል ላይ አድርጋችሁ ድገሙት። ግማሽ ሰዓት አይበቃም፤ መቶኛው በትልልቅ እርምጃ ስለሚሄድ ስህተቱ ይበዛል። ስልኩ ፀሐይ ላይ ወይም ቻርጀር ላይ እንዳይሆን፤ ሲሞቅ ራሱ ብርሃኑን ይቀንስና ልኬቱን ያበላሸዋል።

ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ባትሪያችሁን የሚጨርሰው ስክሪኑ ነው፣ እርምጃ 2ን አጥብቃችሁ ያዙ። ልዩነቱ ጠባብ ሆኖ ሁለቱም ቶሎ ካለቁ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ባትሪው ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች ከ500 ሙሉ ዙር ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅማቸውን እንዲይዙ እንደተሠሩ ይናገራል። ለአይፎን 15 ቁጥሩን ወደ 1000 አሳድጎታል። ስክሪኑ የሚቆጥበው እያንዳንዱ ዋት እነዚህን ዙሮች ያዘገያል።

እርምጃ 7፦ ስትገዙና ስታስቀይሩ

ኦሌድ ስክሪን ሲሰበር ኦሪጅናሉ ውድ ነው። ስለዚህ ጥገና ቤቶች ርካሽ ምትክ ይዘዋል፤ ብዙ ጊዜ «ኢንሴል» የሚሉት ነው። ኢንሴል ኤልሲዲ ነው። ሐቀኛ ባለሙያ ይነግራችኋል፤ ዋጋውም ስለሚለይ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። የማይነግርም አለ። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ፦ «ኦሌድ ነው ኢንሴል?» ጥቁሩን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁ ብርሃን ከሆነ ስልኩን በጃኬታችሁ ወይም በነጠላ ሸፍናችሁ እዩት፣ አትፈሩ።

አይፎን ላይ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከጥገና በኋላ «ትሩ ቶን» የሚለው ምርጫ ከጠፋ ስክሪኑ የስልኩ የራሱ ላይሆን ይችላል። አይፎን 11ና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ «ጄኔራል»፣ ቀጥሎ «አባውት» ብትገቡ ስክሪኑ ያልታወቀ ዕቃ ከሆነ ይጽፍላችኋል። ያገለገለ ስልክ ስትገዙም ይህን መጀመሪያ እዩ።

አዲስ ስልክ ለምትገዙ፣ በተመሳሳይ ዋጋ ኤልሲዲና አሞሌድ ከቀረበላችሁ አሞሌዱን ውሰዱ እላለሁ። ብራይትነስ እስከ ጥግ አድርጋችሁ አንድ ቆሞ የሚቀር ምስል ለሰዓታት የምታሳዩበት ከሆነ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ምስሉ ሊታተምበት ይችላል። ገንዘቡ ካላችሁ ኤልቲፒኦ ፈልጉ። ከዚያ ወዲያ ሳምሰንግ በ2021 በጋላክሲ ዜድ ፎልድ 3 የጀመረው አካሄድ አለ። ከግማሽ በላይ ብርሃን ይመጥጥ የነበረውን የፊት ማጣሪያ አውጥቶ ሥራውን ለሌላ ሽፋን ሰጠው። ኩባንያው በዚህ የስክሪኑ ፍጆታ እስከ 25 በመቶ ቀነሰ ይላል። ብርሃን ከመጨመር ይልቅ የሚባክነውን ማሳለፍ፣ በጣም የምወደው ሐሳብ ነው።

እህቴ ኦሌዱን መልሳ ለማስገባት ዋጋውን ጠየቀችና ለጊዜው ተወችው። ስለዚህ ስልኳን እንደ ኤልሲዲ አስተካከልንላት። ባትሪ ይቆጥብልኛል ብላ ያበራችው ዳርክ ሞድ ጠፋ፣ ፊደሉ ተለቅ አለ፣ አውቶ ብራይትነሱ ተመለሰ፣ ስክሪኑ በ30 ሰከንድ ይጠፋል። ባትሪውን አልቀየረችም። አሁን ከሥራ ስትወጣ 11 ሰዓት ላይ ትደውልልኛለች፣ ስልኩም እስከ ቤት ያደርሳታል።